ገጹ እስኪከፈት ስንት ይጠበቃል? የድረ ገጽ አገልግሎቶች አውቶማቲክ ፍተሻና የጊዜ ገደብ ጉዳይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሠራውን አዲስ የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ሲረከብ ለዘገባ በሥፍራው ተገኝቶ ነበር፡፡ በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር በሚታየው ምስል ብራውዘሩ የሰው እጅ ሳይነካው በራሱ ይከፈታል፤ የተገልጋይ ስምና አድራሻ በቅጹ ላይ ይሞላል፤ “ላክ” የሚለው ቁልፍ ይጫናል፤ ቀጣዩ ገጽ ይመጣል፡፡ በመጨረሻም ፍተሻዎቹ በሙሉ ማለፋቸውን የሚያመለክት አረንጓዴ ጽሑፍ ታየ፡፡ ታዳሚው አጨበጨበ፤ የርክክብ ሰነዱም በዚያው ዕለት ተፈረመ፡፡

በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ውጪ በሚገኘው የመሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ ጉዳይ ለማስፈጸም የሄዱ ተገልጋዮች ያገኙት ምላሽ ግን ሁሉም የሚያውቀው ነበር፡- “ሲስተም የለም፡፡”

ሲስተሙስ ነበረ፡፡ አልተቋረጠም፣ አልተበላሸምም፤ ገጹ ዘገየ እንጂ፡፡ ፍተሻው የተካሄደው ሰርቨሩ በተቀመጠበት ሕንጻ ውስጥ በሚገኝ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ፍተሻውን ያዘጋጀው ባለሙያ በየእርምጃው መካከል ጥቂት ሰከንዶች እንዲጠበቅ አድርጎ ነበር፡፡ በሕንጻው ውስጥ ለነበረው ፈጣን መስመር ይህ ከበቂ በላይ ነው፡፡ በቅርንጫፉ መስመር ግን ገጹ ተከፍቶ ዝርዝሩ ሳይሞላ ሠራተኛዋ ቁልፉን ደጋግማ ትጫናለች፤ ምንም ምላሽ ስታጣ መስኮቱን ትዘጋለች፡፡

ጉዳዩ የፕሮግራመሮች የውስጥ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፡፡ ይሁንና የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ አገልግሎታቸውን በድረ ገጽ ለመስጠት የሚንቀሳቀሱ መሥሪያ ቤቶች እየበዙ በመሆናቸው፣ “ፍተሻው አልፏል” በሚል ሪፖርት ላይ የሚፈርመው ፕሮግራመሩ ሳይሆን የሥራ ሂደት ኃላፊው ነው፡፡ ኃላፊው የሚፈርምበት ሪፖርት ምን እንደጠበቀና እስከ መቼ እንደጠበቀ ካላወቀ፣ የፈረመው በምን ላይ እንደሆነ ማወቅ ያዳግተዋል፡፡

አውቶማቲክ የብራውዘር ፍተሻ ሲባል አንድ ፕሮግራም እንደ ተገልጋይ ሆኖ ድረ ገጽን እንዲከፍት፣ ቅጽ እንዲሞላ፣ ቁልፍ እንዲጫንና ውጤቱን እንዲያነብ ማድረግ ማለት ነው፡፡ በመስኩ ስመ ጥር የሆነው ሴሊኒየም የተባለው መሣሪያ እ.አ.አ በ2004 ቺካጎ ውስጥ ቶውትወርክስ በተባለ ኩባንያ ይሠራ በነበረው ጄሰን ሃጊንስ የተጀመረ ሲሆን፣ መነሻውም የኩባንያው ሠራተኞች የሥራ ሰዓታቸውንና ወጪያቸውን የሚመዘግቡበትን የውስጥ ሶፍትዌር መፈተሽ ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ ሳይመን ስቱዋርት ከጀመረው ዌብድራይቨር ከተባለው ሥራ ጋር ተዋህዶ እ.አ.አ በ2011 ሁለተኛው ሴሊኒየም ወጣ፡፡ እ.አ.አ በ2018 ደግሞ የድረ ገጽ ቴክኖሎጂ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም ዌብድራይቨርን በይፋ ደረጃ አድርጎ አጽድቆታል፡፡ ዛሬ ከእነዚህ በተጨማሪ ሳይፕረስ፣ ፓፔቲርና ማይክሮሶፍት እ.አ.አ በ2020 ያወጣው ፕሌይራይት በሥራ ላይ ይገኛሉ፡፡

የመሣሪያዎቹ ዓይነት ቢለያይም የሚያጋጥማቸው ችግር አንድ ነው፡፡ ኮምፒውተር ከሰው እጅግ ይፈጥናል፡፡ ሰው ገጽ ሲከፍት በዓይኑ እያየ፣ ጽሑፉ እስኪመጣ እየጠበቀ፣ ከዚያም ይጫናል፡፡ የፍተሻ ፕሮግራም ግን ገጹ እንዲከፈት ባዘዘ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ገና ያልመጣ ቁልፍ ይፈልጋል፡፡ ቁልፉን ሲያጣ “የለም” ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፡፡ ስለሆነም ፍተሻ አዘጋጁ ፕሮግራሙ መቼ መጠበቅ እንዳለበት፣ ምን እስኪሆን እንደሚጠብቅና መቼ ተስፋ እንደሚቆርጥ መወሰን ይኖርበታል፡፡ ከባዱ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡

በመጀመሪያ “ገጹ ተከፍቷል” ማለት ራሱ ምን ማለት እንደሆነ መታየት አለበት፡፡ ብራውዘሮች የአንድን ገጽ አከፋፈት በሦስት ደረጃዎች ይገልጹታል፡፡ በመጀመሪያው ደረጃ የገጹ ጽሑፍ ከሰርቨሩ እየመጣ ነው፡፡ በሁለተኛው የገጹ መዋቅር ተነቦ አልቋል፤ ምስሎችና ሌሎች ተጨማሪ ፋይሎች ግን ገና ሊሆኑ ይችላሉ፡፡ በሦስተኛው ደረጃ እነዚያም ተጠቃለው ገብተዋል፡፡ በዌብድራይቨር ደረጃ መሠረት ፕሮግራሙ ሌላ ነገር ካልታዘዘ በስተቀር ሦስተኛውን ደረጃ ይጠብቃል፡፡ ከተፈለገ ሁለተኛው ደረጃ ላይ እንዲቀጥል፣ ወይም ጭራሽ እንዳይጠብቅ ማዘዝ ይቻላል፡፡

ችግሩ በአሁኑ ጊዜ የሚሠሩ አብዛኞቹ የአገልግሎት ገጾች ሦስተኛውን ደረጃ ካለፉ በኋላ ነው ዋናውን ሥራ የሚጀምሩት፡፡ ገጹ ባዶ ሠንጠረዥ ይዞ ይከፈትና መረጃውን በሌላ ጥያቄ ከሰርቨር ያስመጣል፡፡ ይህን በቢሮ አሠራር ማስረዳት ይቻላል፡፡ የመሥሪያ ቤቱ በር ተከፍቷል፣ መስኮቱም ተከፍቷል፣ መብራቱም በርቷል፤ ሠራተኛው ግን ፋይሉን ለማምጣት ወደ መዝገብ ቤት ሄዷል፡፡ በሩ መከፈቱን ብቻ አይቶ የሚመለስ ተቆጣጣሪ “አገልግሎቱ ተጀምሯል” ብሎ ይጽፋል፡፡ በመስኮቱ ላይ የቆመው ባለጉዳይ ግን ይህን ሪፖርት አይቀበለውም፡፡

ለዚህ ችግር ፍተሻ አዘጋጆች መጀመሪያ የሚያገኙት መፍትሔ ቋሚ እረፍት ነው፡፡ ፕሮግራሙ ገጹን ከፍቶ ለ5 ሰከንድ እንዲተኛ ይታዘዛል፡፡ ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይጠቀምበታል፤ በርክክቡ ዕለት የታየውም ይኸው ነበር፡፡ ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው፡፡ ገጹ በግማሽ ሰከንድ በሚከፈትበት ቀን ቀሪው አራት ሰከንድ ተኩል በከንቱ ይባክናል፡፡ በአንድ ፍተሻ ውስጥ እንዲህ ያለ እረፍት 300 ጊዜ ቢኖር 1 ሺህ 500 ሰከንድ፣ ማለትም 25 ደቂቃ ያለሥራ ያልፋል፡፡ ገጹ 6 ሰከንድ በሚፈጅበት ቀን ደግሞ ሲስተሙ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ፍተሻው ይወድቃል፡፡ ይህን የተመለከተ ባለሙያ 5 የነበረውን ወደ 10፣ 10 የነበረውን ወደ 20 ያሳድጋል፤ ፍተሻው ሰዓታት መፍጀት ሲጀምር ማንም የማይጠቀምበት ይሆናል፡፡

ባለሙያዎች የሚመክሩት ሁኔታን መጠበቅ ነው፡፡ ፕሮግራሙ “ለ5 ሰከንድ ተኛ” ሳይሆን “የደረሰኝ ቁጥሩ በገጹ ላይ እስኪታይ ጠብቅ፤ ከ10 ሰከንድ ካለፈ ግን ውድቀት ብለህ መዝግብ” ተብሎ ይታዘዛል፡፡ በሴሊኒየም ይህ ግልጽ ጥበቃ የሚባለው አሠራር ሲሆን፣ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው በየግማሽ ሰከንዱ ሁኔታው መሟላቱን እየጠየቀ ይቆያል፡፡ ሁኔታው በተሟላበት ቅጽበት ይቀጥላል፡፡ ፈጣን በሆነ ቀን ይፈጥናል፤ ዘገምተኛ በሆነ ቀን ይታገሣል፡፡ እንደ ፕሌይራይት ያሉት አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ደግሞ ቁልፍ ከመጫናቸው በፊት ቁልፉ የሚታይ፣ ባለበት የረጋና ለመጫን የተፈቀደ መሆኑን በራሳቸው አረጋግጠው ነው የሚጫኑት፡፡

የሚጠበቀው ሁኔታ ምርጫ ግን ለመሣሪያው የሚተው አይደለም፡፡ ጥሩ ሁኔታ ማለት ተገልጋዩ ራሱ ሥራው መጠናቀቁን የሚያውቅበት ምልክት ነው፡፡ የንግድ ፈቃድ ለማደስ ለሚያመለክት ሰው ምልክቱ የማመልከቻ ቁጥር ነው፤ ክብ እየዞረ የነበረው ምስል መጥፋቱ አይደለም፡፡ ክቡ የሚጠፋው ሥራው ሲጠናቀቅም ሲበላሽም ነውና፡፡ ይህን ከፕሮግራመሩ ይልቅ በመስኮት ተቀምጦ ሕዝብ የሚያስተናግደው ሠራተኛ አብልጦ ያውቀዋል፤ በፍተሻ ዝግጅት ላይ ግን ሲጠየቅ ብዙም አይታይም፡፡

በሴሊኒየም ስውር ጥበቃ የሚባል ሌላ ዘዴም አለ፡፡ አንድ ጊዜ ይታዘዝና ፕሮግራሙ ማንኛውንም የገጽ ክፍል በፈለገ ቁጥር እስከተወሰነ ጊዜ ይታገሣል፡፡ ምቹ ቢመስልም ከግልጽ ጥበቃ ጋር መቀላቀል እንደሌለበት የሴሊኒየም የራሱ መመሪያ ያስጠነቅቃል፡፡ መመሪያው በምሳሌነት እንደሚያስቀምጠው ስውሩ 10 ሰከንድ፣ ግልጹ 15 ሰከንድ ሆነው አንድ ላይ ቢታዘዙ ገደቡ ሊደርስ የሚችለው በ20 ሰከንድ ነው፡፡ አንድ ሰው ሁለት አለቆች ለየብቻ ቀጠሮ ሲሰጡት የሚሆነውን ዓይነት መሆኑ ነው፡፡

ወደ ጊዜ ገደቡ እንመለስ፡፡ በዌብድራይቨር ደረጃ ላይ የገጽ መክፈቻ ገደብ፣ ማንም ካልቀየረው በስተቀር፣ 300 ሺህ ሚሊሰከንድ ወይም 5 ደቂቃ ነው፡፡ በገጹ ላይ ለሚታዘዝ ስክሪፕት 30 ሰከንድ፣ ለስውር ጥበቃ ደግሞ ዜሮ ነው፡፡ ሳይፕረስ ለአንድ ገጽ መክፈቻ 60 ሰከንድ፣ ለተራ ትእዛዝ 4 ሰከንድ ይሰጣል፡፡ በፕሌይራይት አንድ ሙሉ ፍተሻ 30 ሰከንድ፣ አንድ ማረጋገጫ 5 ሰከንድ ተመድቦለታል፡፡

እነዚህ ቁጥሮች ፕሮግራሙ ሳይቆም እንዳይቀር የተቀመጡ መነሻዎች እንጂ ለሕዝብ አገልግሎት የተለኩ ደረጃዎች አይደሉም፡፡ የኮምፒውተር አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.አ.አ በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ትዕግሥት በሦስት ቁጥሮች አስቀምጦታል፡፡ ምላሹ በ0.1 ሰከንድ ከመጣ ተጠቃሚው ወዲያው እንደሆነ ይሰማዋል፤ እስከ 1 ሰከንድ ሐሳቡ አይቋረጥም፤ ከ10 ሰከንድ በኋላ ግን ትኩረቱ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል፡፡ እንግዲህ ገደቡ 5 ደቂቃ የሆነ ፍተሻ፣ ገጹ በአራተኛው ደቂቃ ቢከፈት “አልፏል” ብሎ ይመዘግባል፡፡ በአራተኛው ደቂቃ ባለጉዳዩ ከወረፋው ወጥቶ ሻይ ቤት ተቀምጧል፡፡ በዚህ ጸሐፊ እምነት ገደቡን መወሰን የኃላፊው ሥራ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በዜጎች ቻርተሩ ላይ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ደቂቃ እንደሚመድብ ሁሉ ለገጹም ሰከንድ ሊመድብለት ይገባል፡፡

ገደቦች በአንድ ቦታ ብቻ የሚገኙ አለመሆናቸውም መዘንጋት የለበትም፡፡ ከብራውዘሩ ጀምሮ፣ በመካከል ያለው አስተላላፊ ሰርቨር፣ ዋናው ሰርቨርና የመረጃ ቋቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ገደብ አላቸው፡፡ በአስተላላፊነት በስፋት የሚያገለግለው ኤንጂንኤክስ ካልተቀየረ በስተቀር ከኋላው ካለው ሰርቨር ምንም ሳይደርሰው 60 ሰከንድ ካለፈ ግንኙነቱን ይዘጋና 504 የሚል የስህተት ቁጥር ያለበት ገጽ ይልካል፡፡ የፍተሻ ፕሮግራሙ 5 ደቂቃ ለመጠበቅ ቢዘጋጅም የሚደርሰው ይኸው የስህተት ገጽ ነው፡፡

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያታልል ነገር አለ፡፡ የስህተት ገጽም ገጽ ነው፡፡ ይከፈታል፣ ሦስቱንም ደረጃዎች ያልፋል፡፡ ሴሊኒየምም ሆነ ፕሌይራይት ገጽ እንዲከፍቱ ታዝዘው 500 ወይም 504 የሚል ምላሽ ቢመጣ ገጹ በትክክል እንደተከፈተ ቆጥረው ይቀጥላሉ፤ ስህተት መሆኑን የሚያውቁት ፍተሻ አዘጋጁ ይዘቱን እንዲያነቡ ካዘዛቸው ብቻ ነው፡፡ ስለሆነም “ሃያ ገጾች ተከፍተዋል” የሚል ሪፖርት፣ ከሃያው ስንቱ የይቅርታ ገጽ እንደሆነ ላይናገር ይችላል፡፡

ጥበቃው በትክክል ካልተሠራ የሚከተለው ሌላው ችግር ፍተሻው አንድ ጊዜ እያለፈ፣ አንድ ጊዜ እየወደቀ መዋዠቁ ነው፡፡ በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.አ.አ በ2014 ባቀረቡት ጥናት በ51 የአፓቺ ፕሮጀክቶች ውስጥ የሚዋዥቁ ፍተሻዎችን ለማስተካከል የተደረጉ 201 ለውጦችን መርምረዋል፡፡ በዋና ዋና ምክንያቶች ከተመደቡት መካከል 45 በመቶ ያህሉ የሚጠበቀው ምላሽ ሳይደርስ በመቀጠል የመጡ ነበሩ፡፡ ጉግል በበኩሉ እ.አ.አ በ2016 ይፋ እንዳደረገው በኩባንያው ካሉ ፍተሻዎች ወደ 16 በመቶ የሚጠጉት በተወሰነ ደረጃ የመዋዠቅ ባሕርይ ነበራቸው፡፡ ከማለፍ ወደ መውደቅ ከተለወጡት ውጤቶች ደግሞ 84 በመቶው የሚዋዥቅ ፍተሻ ያለባቸው እንጂ በእውነት የተበላሸ ነገርን የሚያመለክቱ አልነበሩም፡፡ ይህን ያህል አቅም ያለው ኩባንያ ካልተረፈ ሌላው ሊተርፍ እንደማይችል ግልጽ ነው፡፡

የሚዋዥቅ ፍተሻ አደጋው በሰዎች ልማድ ላይ ነው፡፡ ቀይ ምልክት ሲታይ “ኔትወርክ ነው” ተብሎ እንደገና ይሞከራል፤ ሁለተኛው አረንጓዴ ከሆነ ሪፖርቱ አረንጓዴ ይሆናል፡፡ በዚህ መካከል ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ የሚበላሽ እውነተኛ ስህተት ቢኖር አብሮ ያልፋል፡፡ መሣሪያዎቹ ፍተሻን እንደገና እንዲሞክሩ ማዘዝ የሚቻል ሲሆን፣ ለምሳሌ ፕሌይራይት በድጋሚ ሙከራ ያለፉትን ከመጀመሪያው ካለፉት ለይቶ ይመዘግባል፡፡ ሪፖርት የሚቀበል ኃላፊ ይህን ሁለተኛ ዝርዝር መጠየቅ ይችላል፤ ካልጠየቀ የሚያመጣለት የለም፡፡

ክፍያ ባለበት አገልግሎት ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፡፡ የጊዜ ገደብ አለቀ ማለት ሥራው አልተሠራም ማለት አይደለም፡፡ ብራውዘሩ መጠበቁን አቆመ ማለት ብቻ ነው፡፡ ጥያቄው ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ፣ ገንዘቡ ተቀንሶ፣ የጠፋው የመመለሻው ምላሽ ሊሆን ይችላል፡፡ ተገልጋዩ ይህን ስለማያውቅ እንደገና ይጫናል፤ ሁለት ጊዜም ይከፍላል፡፡ ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ገጽ ዋናው ፍተሻ ገጹ በፍጥነት መከፈቱ ሳይሆን ምላሹ ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ተደርጎ፣ ቁልፉ ሁለተኛ ሲጫን በመዝገቡ ላይ አንድ ክፍያ ብቻ መገኘቱን ማረጋገጥ ነው፡፡ ለዚህም ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ማመልከቻ አንድ መለያ ቁጥር ሰጥቶ ያው ቁጥር ዳግም ሲመጣ አዲስ ክፍያ መፈጸሙን ትቶ የቀድሞውን ውጤት እንዲመልስ ይደረጋል፡፡ በድረ ገጽ የሚከፈሉ የአገልግሎት ክፍያዎች በጨመሩ ቁጥር ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ይመስላል፡፡

ሌላው ፍተሻው የሚካሄድበት ቦታና ሰዓት ነው፡፡ አውቶማቲክ ፍተሻዎች ብዙ ጊዜ የሚካሄዱት ሌሊት፣ መስመሩ ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው፡፡ ወረፋው ያለው ግን ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ነው፡፡ የብራውዘር መሣሪያዎች መስመሩን በሰው ሠራሽ መንገድ ማዘግየት ስለሚያስችሉ የቅርንጫፍ ሁኔታን በዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ መምሰል ይቻላል፡፡ ከቅርንጫፉ ከራሱ መፈተሽ ግን ይሻላል፡፡

ይህም ሆኖ በአንድ ብራውዘር የሚደረግ ፍተሻ የብዙ ሺህ ሰዎችን ጫና እንደማያሳይ መታወቅ አለበት፡፡ የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መመዝገቢያ የሆነው ሄልዝኬር ዶት ገቭ እ.አ.አ ጥቅምት 1 ቀን 2013 ሥራ ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ዕለት ምዝገባቸውን ማጠናቀቅ የቻሉት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፡፡ ሥራውን የወሰዱት ተቋራጮች በዚያው ወር ለኮንግረሱ ሲያስረዱ ሲስተሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተፈተሸው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ብቻ እንደነበር ተናግረዋል፡፡ የጫና ፍተሻ የራሱ መሣሪያና የራሱ ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነው፡፡

በመግቢያው ላይ ወደተጠቀሰው መሥሪያ ቤት ስንመለስ፣ ከወራት በኋላ ፍተሻው እንደገና ተዘጋጅቶ ነበር፡፡ ቋሚ እረፍቶቹ ወጥተው የማመልከቻ ቁጥሩ እስኪታይ መጠበቅ በሚለው ተተኩ፤ ገደቡም 10 ሰከንድ ተደረገ፤ ፍተሻው በሥራ ሰዓት ከቅርንጫፉ ኮምፒውተር ላይ ተካሄደ፡፡ በዚያን ጊዜ የታየው ቀለም በአብዛኛው ቀይ ነበር፤ ያጨበጨበም አልነበረም፡፡ ይሁንና በእያንዳንዱ ውድቀት ላይ የገጹ ምስልና የፈጀው ጊዜ ተመዝግቦ ስለነበር ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ከሰዓት በቂ ሆነ፡፡ ቅጹ በተከፈተ ቁጥር የአገሪቱን ወረዳዎች ዝርዝር በሙሉ አንድ ላይ ያስመጣ ነበር፡፡ ተገልጋዩ ክልሉንና ዞኑን ከመረጠ በኋላ የዚያ ዞን ወረዳዎች ብቻ እንዲመጡ ተደረገ፡፡ በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ አሁን የማመልከቻ ቁጥሩን አንብባ በወረቀት ላይ ጽፋ ለባለጉዳዩ ትሰጣለች፤ ማተሚያው ገና አልተገዛም፡፡